ስለ «ክራምብስ» ፊልም፤ የምናብ ሥራ ለድኻ አገር አይገባምን?

ስለ ፊልም በተነጋገርን ቁጥር ከመካከላችን አንዱ ተነሥቶ «ለመሆኑ ምን አስተማረን?» ብሎ መጠየቁ የተለመደ ሆኗል። ጥያቄው በራሱ ክፉ አይደለም። የሚያሳዝነው ጠያቂው መልሱን ሳይጠብቅ ፍርዱን መስጠቱ ነው። «ክራምብስ» የተባለውን ፊልም ያዩ ጓደኞቻችንም ሆኑ አንዳንድ መምህራን ሲናገሩ የሰማሁት ከዚህ የተለየ አይደለም። አንዱ «ራስና እግር የለውም» ይላል፤ ሌላው «ፈረንጅ ሊስቅብን የሠራው ነው» ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ «ይህን ያህል ችግር ያለበት አገር ስለ ሰማይ መርከብ ምን አገባው?» ብሎ ክርክሩን ይዘጋዋል። እኔ በበኩሌ ሦስቱ ክሶች አንድ በአንድ ሊመረመሩ ይገባል እላለሁ። ተመርምረው ሲታዩም አንዳቸውም ፊልሙን ለማስፈረድ የሚበቁ አይደሉም።

ፊልሙን ላላዩ አንባቢዎች ነገሩን ባጭሩ መግለጽ ያስፈልጋል። «ክራምብስ» ማለት ፍርፋሪ ማለት ነው። ያዘጋጀው ሚጌል ያንሶ የተባለ የስፔን ተወላጅ ሲሆን፣ በ2007 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2015) በሮተርዳም የፊልም ፌስቲቫል ላይ ታየ። ርዝመቱ አንድ ሰዓት ከጥቂት ደቂቃዎች ነው። አዘጋጁ የውጭ አገር ሰው ይሁን እንጂ ዋናዎቹ ተዋንያን ኢትዮጵያውያን፣ የሚነገረው ቋንቋ አማርኛ፣ የሚታየውም ምድር የኢትዮጵያ ነው፤ የዳሎል ቢጫ መሬት ሳይቀር በውስጡ ይገኛል። ታሪኩ ዛሬ የምናውቀው ሥልጣኔ ከፈረሰ ከብዙ ዘመን በኋላ የሚሆን ነው። ዳንኤል ታደሰ የሚጫወተው ዋናው ሰው ውዳቂ ዕቃ እየለቀመ ይኖራል፤ በእኛ አነጋገር ቆራሌ ነው ማለት ይቻላል። ሰላም ተስፋዬ ከምትጫወታት ፍቅረኛው ጋር ያደረው በተተወ የቦውሊንግ መጫወቻ አዳራሽ ውስጥ ነው። ከሰማዩ ላይ ለዘመናት ሳይንቀሳቀስ የተንሳፈፈ ትልቅ መርከብ አለ። አንድ ቀን ይህ መርከብ ነፍስ የመዝራት ምልክት ያሳያል። ሰውየው ራሱን የሌላ ዓለም ተወላጅ አድርጎ ስለሚቈጥር፣ መርከቡ ወደ አገሩ እንዲወስደው ሲል መንገድ ይጀምራል። በመንገዱም ጠንቋይ፣ የገና አባትና የናዚዎች ሁለተኛ ትውልድ ያጋጥሙታል።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ክስ እንምጣ። «ራስና እግር የለውም» የሚያሰኘው በተለይ የዕቃዎቹ ነገር ነው። በፊልሙ ውስጥ አንድ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ አለ። የልጆች መጫወቻ ፕላስቲክ ወይም የማይክል ጃክሰን ሸክላ ሲቀርብለት እንደ ነገሥታት ቅርስ አገላብጦ ያየዋል፤ የጥንት ታሪክ ያወራለታል፤ ዋጋም ይቈርጥለታል። ሴቲቱ በበኩሏ ለቅርጫት ኳስ ተጫዋቹ ለማይክል ጆርዳን መሠዊያ አዘጋጅታ ትጸልያለች። ይህን ያየ ተማሪ ይስቃል፤ መሳቁም ተገቢ ነው፤ ፊልሙ ራሱ እንዲሳቅ ፈልጎ ያደረገው ነውና። ነገር ግን ተመልካቹ ሲጨርስ ሳቁን ብቻ ይዞ እንዲወጣ አልተፈለገም። ነጋዴው አጭበርባሪ አይደለም። የዕቃው እውነተኛ ታሪክ ከባለቤቶቹ ጋር ስለ ጠፋ ሌላ ታሪክ ይፈጥርለታል፤ ታሪክ የሌለው ዕቃ ዋጋ እንደማይኖረው ያውቃልና። ፊልሙ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። አንድን ነገር ክቡር የሚያደርገው ምንድን ነው? ትርጉሙን የሚያውቁ ሰዎች ካለፉ በኋላስ ምን ሆኖ ይቀራል?

ይህ ጥያቄ ለአርባ ምንጭ ሰው እንግዳ ሊሆን አይገባውም። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩና በአካባቢው ብዙ የጋሞ ተወላጆች በተገደሉና በተፈናቀሉ ጊዜ፣ ወሬው እዚህ ሲደርስ የተቈጡ ወጣቶች ለበቀል ወጡ። በዚያን ጊዜ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው በመንገዱ ላይ በወጣቶቹ ፊት ተንበረከኩ። ወጣቶቹም ቁጣቸውን ውጠው ተመለሱ። ይህን መላው የኢትዮጵያ ሕዝብ ሰምቷል፤ ብዙዎቻችንም ፎቶግራፉን አይተናል።

አሁን ያን ሣር ወደ ላቦራቶሪ እንውሰደው ብንል ምን እናገኝበታለን? ሣር ነው። በሚዛን ቢቀመጥ ለአንድ በግ ቁርስ አይበቃም። ያን ዕለት ግን የታጠቀ ኃይል ሊያቆመው የሚቸግረውን ቁጣ አቆመ። ኃይሉ ከቅጠሉ የመጣ አይደለም። እርጥብ ሣር ይዞ የተንበረከከን አባት አልፎ መሄድ ጎሜ መሆኑን፣ በየዱቡሻው ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረው ወግ ስላስተማረ ነው። ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ይህ ወግ ተረስቶ ፎቶግራፉ ብቻ ቢገኝ፣ አግኚው ምን ብሎ ይተረጕመው ይሆን? «እነዚህ ሽማግሌዎች ሣር ለመሸጥ ተቀምጠው ነበር» ይል ይሆናል። ወይም ደግሞ እንደ ፊልሙ ነጋዴ የራሱን ታሪክ ይፈጥርለት ይሆናል። እንግዲህ በፊልሙ ውስጥ ያሉት ሰዎች የሚገኙት በዚህ ሁኔታ ነው። ዕቃው በእጃቸው አለ፤ ወጉ ግን ጠፍቷል። ይህን የሚያሳይ ሥራ ራስና እግር የለውም ማለት፣ የሣሩን ነገር ዐውቆ እንዳላወቀ መሆን ነው።

በርግጥ ነገሩ ያልገባው ሰው ቢነቅፍ አይደንቅም። ሲኒማ በአዲስ አበባ በተጀመረበት ዘመን የፊልም ማሳያውን ቤት ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» ብሎት እንደ ነበር የታወቀ ነው። የተማሩትም ቢሆኑ ከዚህ ዓይነት ፍርድ አያመልጡም። ፍሪትዝ ላንግ የተባለው አዘጋጅ ስለ መጪው ዘመን ከተማ የሠራው «ሜትሮፖሊስ» የተሰኘው ፊልም እ.ኤ.አ. በ1927 ሲወጣ፣ እጅግ ካጥላሉት ሰዎች አንዱ የምናብ ልብ ወለድ አባት ከሚባሉት የሚቈጠረው እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች. ጂ. ዌልስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 ግን ያው ፊልም በዩኔስኮ የዓለም መታሰቢያ መዝገብ ውስጥ ገባ። ይህን የጠቀስኩት «ክራምብስ» የ«ሜትሮፖሊስ» እኩያ ነው ለማለት አይደለም። የተነቀፈ ሁሉ ታላቅ ነው ማለትም አይደለም። ለመናገር የፈለግሁት፣ የምናብ ሥራ በአንድ ምሽት ታይቶ በአንድ ምሽት የሚፈረድበት እንዳልሆነ ነው።

ሁለተኛው ክስ ከመጀመሪያው ይከብዳል። ፈረንጅ መጥቶ አገራችንን የፍርስራሽ አገር አድርጎ አሳየን ይባላል። ቅሬታው ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። የውጭ አገር ካሜራ በ1977 ዓ.ም. ረኀብ ጊዜ ያነሣው ሥዕል እስከ ዛሬ ስማችንን ተከትሎ ይዞራል። ስለዚህ ሰው ቢጠራጠር አይፈረድበትም። ነገር ግን የአዘጋጁ ዜግነት ብቻውን ፍርድ ሊሆን አይችልም። በ1957 ዓ.ም. የወጣውና የመጀመሪያው የአማርኛ ረጅም ፊልም የሚባለው «ሂሩት አባቷ ማን ነው?» የተዘጋጀው ላምብሮስ ጆካሪስ በተባለ ግሪካዊ ነው። ስለዚህ ብሎ «የእኛ አይደለም» የሚል ሰው ሰምቼ አላውቅም። ሥራውን መመዘን ያለብን በውስጡ በሚታየው ነገር ነው።

በውስጡ የሚታየውስ ምንድን ነው? የፈረሰውን ነገር ልብ ብሎ ያየ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ከፍርስራሹ ውስጥ የሚለቀመው የላሊበላ ድንጋይ ወይም የአክሱም ሐውልት ስባሪ አይደለም። የሚለቀመው በዓለም ገበያ ላይ በሚሊዮን ሲመረት የነበረው ፕላስቲክ፣ ሸክላና የስፖርት ሥዕል ነው። የወደቀው እንግዲህ የእነሱ ገበያ ነው ማለት ነው። በዚያ ፍርስራሽ ላይ ቆሞ፣ ዕቃውን አንሥቶ፣ ስምና ትርጉም የሚሰጠው ደግሞ ኢትዮጵያዊው ነው፤ የሚሰጠውም በአማርኛ ነው። ስለ እኛ ሲጽፍ የኖረው የውጭ አገር ተጓዥ ታቦታችንን፣ ዘውዳችንንና ሽሯችንን አገላብጦ እያየ ግምቱን ሲጽፍ ኖሯል። እዚህ ላይ ግን ነገሩ ተገልብጧል። የእነሱን ታላላቅ ሰዎችና ጣዖታት እኛ አገላብጠን እናያለን፤ የተሳሳተም ቢሆን ግምታችንን እንሰጣለን። በሮተርዳም አዳራሽ ውስጥ ከታች የተጻፈ ትርጉም እያነበበ የተከታተለው ማን ነበር? እኛ አልነበርንም።

የፊልሙ ርእስም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ከጌቶች ማዕድ ስለሚወድቅ ፍርፋሪ የተናገረችውን የከነዓናዊቱን ሴት ታሪክ ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቃለን። ሴቲቱ በዚያ አነጋገሯ የተመሰገነችው ፍርፋሪ ስለ ለመነች ሳይሆን፣ በፍርፋሪው ውስጥ ያለውን ስላወቀች ነው። የራሳችን ዘመንም ከዚህ የራቀ አይደለም። በየሰፈሩ «ልዋጭ» እያለ የሚዞረው ነጋዴ ያረጀ ልብስና ጫማ ተቀብሎ የፕላስቲክ ሳፋ ይሰጣል። በሽሮ ሜዳ የጋሞ ሸማኔ በእጁ ከሚሠራው ጥለት አጠገብ፣ ያንኑ ጥለት አስመስሎ በፋብሪካ የታተመ ጨርቅ ከውጭ መጥቶ በርካሽ ይሸጣል። ከሁለቱ የትኛው ነው ቅርስ፣ የትኛውስ ነው ፍርፋሪ? ከሩቅ ሲያዩት መልካቸው አንድ ነው። ልዩነቱን የሚያውቀው ታሪኩን የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። ይህን ጥያቄ ለማንሣት ሰማይ ላይ የተንሳፈፈ መርከብ ያስፈለገው፣ በየቀኑ የምናየውን ነገር በየቀኑ ስለምናየው ስለማናስተውለው ነው።

አሁን ወደ ሦስተኛው ክስ እንለፍ። «ይህን ያህል ችግር ያለበት አገር ስለ ሰማይ መርከብ ምን አገባው?» የሚለው አነጋገር የቁም ነገረኛ አነጋገር ስለሚመስል ብዙ ሰው ያጨበጭብለታል። እኔ ግን ተናጋሪውን አንድ ነገር ልጠይቀው። በዚህ አገር ዐይኑን ወደ ሰማይ መርከብ ያላነሣ ወጣት ስንት ነው? ዓመት በመጣ ቁጥር የዲቪ ፎርም ሲሞላ የኖረ፣ መጥሪያው ይመጣል ብሎ ትምህርቱንም ትዳሩንም ያዘገየ ሰው በየቤተ ሰቡ አልነበረምን? በሊቢያ በረሐም ሆነ በቀይ ባሕር ጀልባ ላይ ሕይወቱን የሰጠው ወጣት፣ «አገሬ ከዚያ ማዶ ነው» ብሎ ካመነው ከዚያ ቆራሌ በምን ይለያል? ፊልሙ በሰውየው ምኞት አይቀልድም፤ ግን ይመረምረዋል። ከተቀመጠበት ቦታ አንሥቶ ያስኬደዋል፤ በሄደም መጠን ከየት እንደ መጣና ማን እንደ ሆነ ራሱን እንዲጠይቅ ያስገድደዋል። ስለ ስደት የተሰጡ ስንት ንግግሮችንና ስንት ስብሰባዎችን ሰምተናል። ከእነርሱ ሁሉ ይልቅ የዚያ ተጓዥ ብቸኛ እርምጃ ስንቶቻችንን ሊያሳስበን በቻለ ነበር፤ ለማየት ፈቃደኞች ብንሆን።

ምናብ የባለጠጎች ቅንጦት ነው የሚለው አስተሳሰብም ከዚህ ክስ ጋር አብሮ ይሄዳል። ይህን የሚል ሰው ወደ ጨንቻ ወጥቶ የዶርዜን ቤት ይመልከት። የተሠራው ከቀርከሃና ከእንሰት ቅጠል ነው፤ በገንዘብ ረገድ ከዚህ ያነሰ ዋጋ ያለው የሕንፃ ዕቃ አይገኝም። ነገር ግን ከፊት ለፊት ሲያዩት ዝሆን ነው፤ ባለቤቶቹም ይህንኑ ይነግሩናል። በዚያ ደጋ ላይ ዛሬ ዝሆን የለም። ዝሆኑ ከምድሩ ጠፍቶ መልኩ በቤቱ ላይ ቀርቷል። ምስጥ እግሩን ሲበላው ቤቱ ከታች እየተቈረጠ ያጥራል፤ እንዲያም ሆኖ ተሸክመው ወደ ሌላ ቦታ ይወስዱታል፤ መልኩን ግን አይለቅም። ድኽነት ምናብን የሚከለክል ቢሆን ኖሮ ይህ ቤት ዝናብ የሚከላከል ጎጆ ብቻ ሆኖ በቀረ ነበር።

ደግሞስ ምናብን ከትምህርታችን ውጭ የሆነ ነገር አድርገን ለምን እንቈጥረዋለን? ይህ ዩኒቨርሲቲ በ1979 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ ነው። የውሃ ምሕንድስና ተማሪ ግድብ ወይም ድልድይ ሲነድፍ «የመቶ ዓመት ጎርፍ» የሚባለውን አስልቶ ነው። ይህ ጎርፍ በማንኛውም ዓመት የመምጣት ዕድሉ ከመቶ አንድ የሆነ፣ ተማሪው በዐይኑ ያላየው፣ ምናልባትም በዕድሜው የማያየው ውሃ ነው። ሆኖም ከፊቱ እንደ ቆመ አድርጎ ያስበዋል፤ ለእርሱም ብሎ ኮንክሪቱን ያወፍራል። ያልነበረን ጎርፍ ማሰብ ሳይንስ ሲሆን፣ ያልመጣን ዘመን ማሰብ ቅዠት የሚሆነው በምን ሕግ ነው?

የዐባያ ሐይቅ ውሃ ቀይ ቡናማ የሆነው ወንዞች ከደጋው ጠርገው በሚያመጡት አፈር ምክንያት መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ብናውቅም በየቀኑ እያየነው እናልፋለን። የሐሮማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ መጨረሻ ገደማ ደርቆ ከብት የሚሄድበት ሜዳ ሆኖ ነበር። ከዚያ በፊት በነበሩት ዘመናት አንድ ሰው ተነሥቶ በዩኒቨርሲቲ አጠገብ ያለ ሐይቅ ደርቆ የሚያሳይ ፊልም ቢሠራ ኖሮ፣ «ይህ ደግሞ ምን የሚሉት ቅዠት ነው?» በተባለ ነበር። ዐባያና ጫሞ የሌሉበትን አርባ ምንጭ አንድ ጊዜ እንኳ በሐሳቡ አይቶ ያልደነገጠ ሰው፣ ስለ ሐይቆቹ የተጻፈውን ጥናት ሁሉ ቢያነብ ከመቀመጫው አይነሣም። ሥልጣኔ ከፈረሰ በኋላ ያለውን ዓለም የሚያሳይ ፊልም ጥቅሙ ይህ ነው። ሊመጣ የሚችለውን ገና ሳይመጣ ያስደነግጠናል።

ይህን ስል ፊልሙ እንከን የለበትም ማለቴ አይደለም። አካሄዱ ዝግ ያለ ነው፤ አንዳንዱ ትዕይንት ከሚገባው በላይ ይረዝማል፤ የናዚዎቹ ነገር ተነሥቶ ሳይብላላ ይቀራል። ሰላም ተስፋዬን የመሰለች ተዋናይት ከዚህ የሰፋ ቦታ ይገባት ነበር፤ ተጓዡ ወንዱ ሲሆን እርሷ በአዳራሹ መቅረቷ ያረጀ ልማድ ነው። የሚያስቀው ነገርም አንዳንድ ጊዜ የውጭውን ተመልካች በማሰብ የተጨመረ ይመስላል። ነቃፊዎች በእነዚህ ነጥቦች ላይ ቢያተኵሩ ክርክሩ ለሁላችንም በጠቀመ ነበር። ነገር ግን ዝግ ማለቱን «ባዶ ነው» ከማለት፣ እንግዳ መሆኑንም «ስድብ ነው» ከማለት ጋር ማምታታት የተማረ ሰው ሥራ አይደለም።

ከሁሉ የሚበልጠው ጉዳይ ግን ከአንድ ፊልም በላይ ነው። የምናብ ሥራ በቀረበ ቁጥር «ምን አስተማረን?» የሚለውን በትር የምናነሣ ከሆነ፣ ነገ ከመካከላችን የሚነሣውን ጸሐፊና የፊልም አዘጋጅ ገና ሳይጀምር እናስፈራዋለን። እርሱም ነቀፌታን ፈርቶ፣ መጨረሻው ከመጀመሪያው የሚታወቅ፣ ክፉው ተቀጥቶ ደጉ የሚሞሸርበትን ታሪክ እየደጋገመ ይኖራል። የዚህ ዓይነቱ ፊልም እጥረት እንደ ሌለብን በየሲኒማ ቤቱ የሚሄድ ሁሉ ይመሰክራል። የጋሞ ምድር ግን ሌላ ታሪክ ሞልቶታል። የሣሩ አለ፤ የዝሆኑ ቤት አለ፤ ከአርባዎቹ ምንጮች በላይ ያለው ጥቅጥቅ ደን፣ በሁለቱ ሐይቆች መካከል ያለው የእግዜር ድልድይ አለ። ይህን ሁሉ አንድ የውጭ አገር ሰው መጥቶ እስኪያነሣው ድረስ ቆመን ከጠበቅን፣ በኋላ «ፈረንጅ ታሪካችንን ወሰደ» ብለን ለመክሰስ ምን አፍ ይኖረናል?

ስለዚህ ውድ ጓደኞቼና የተከበራችሁ መምህራን፣ የምለምነው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ «ክራምብስ»ን ያላያችሁ በወሬ አትፍረዱ፤ ያያችሁም እንደገና እዩት፤ ከዚያ በኋላ መንቀፍ ብትሹ በፊልሙ ውስጥ ያለውን እየጠቀሳችሁ ንቀፉ። ሁለተኛ፣ በጓዳችሁ የምናብ ድርሰት ጽፋችሁ «ይስቁብኛል» ብላችሁ የደበቃችሁ ካላችሁ አውጡት። ይህች ጋዜጣ ገጿ ጥቂት፣ ቀለሟም ደብዛዛ ቢሆን ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ቦታ አታጣም። የሚስቅ አይጠፋም፤ ሲኒማንም ሰይጣን ቤት ብለውት ነበር።